ሕመሙ የማን ነው?

ዘምዘም ይመር ባይፖላር የሚባለው የስሜት ሕመም እንዳለባት የሰማችው ፊቷን እየታጠበች ነው። የነገራት ቤቷ ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ ዘምዘም፤ የምርመራሽ ውጤት ወጥቷል» አላት። ቤቱ ለልደትም፣ ውኃ ሊጠፋ ሲልም፣ ለሕመምም የሚናገርበት ድምፅ ያው አንድ ነው።

«የምን ምርመራ?» አለች፣ ሳሙናው ዐይኗ ውስጥ እንደገባ።

«ባይፖላር አለብሽ። ስሜትሽ አንዴ ሰማይ ይወጣል፣ አንዴ መሬት ይወርዳል። ዛሬ ከፍታ ላይ ነሽ።»

«አሁን ገና መንቃቴ ነው እኮ! የቱ ከፍታ ነው?»

«አየሽ፣ ስትናገሪ ትፈጥኛለሽ» አላት ቤቱ፤ ከዚያም የዕለቱን የአየር ሁኔታ ነገራት።

ዘምዘም አርባዎቹን አጋምሳለች። ከደሴ ፒያሳ ጦሳ ተራራ ጫፍ ድረስ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ በሚመላለሰው የገመድ መኪና ላይ አስተናጋጅ ናት። ሥራዋ በር መክፈትና መዝጋት ቢሆንም በሩ ራሱ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ፣ እሷ የምታደርገው ማውራት ነው። ገደሉን አይቶ ላብ የሚያጠምቀው መንገደኛ ሲሳፈር እጁን ይዛ የማን ልጅ እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ ዘር ማንዘሩን ቆጥሮ ሳይጨርስ ጫፍ ላይ ይደርሳሉ። እሷ ያለችበት የመኪናው ሳጥን እስኪመጣ ሌላውን የሚያሳልፉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች፤ ልጅ የላትም። ጧት ተነስታ ሰግዳ፣ ሻይዋን እያፈላች ታንጎራጉራለች። ይህም ልማድ እንጂ ሕመም ነው ብሎ ያሰበ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም።

ቤቱ ውስጥ ግን ብቻዋን አልነበረችም። ታናሽ ወንድሟ እንድሪስ፣ ክረምቱ እንደወጣ አንድ ፌስታል ይዞ መጥቶባት ነበር። ዘመኑ ሰው ሥራውንም ከተማውንም በዕጣ የሚያገኝበት ነው። እንድሪስ ዕጣው የወጣለት ቆላ፣ የፀሐይ መስታወት ማሳ ላይ ነበር፤ ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋውን መስታወት ሲወለውል ኖረ። አንድ ቀን ጨርቁን መሬት ላይ አስቀምጦ ተነስቶ ሄደ። ያለ መልቀቂያ የወጣ ሰው ከተገኘ ወደ መጣበት ይመለሳል።

የዘምዘም ቤት ደግሞ ነጠላ ቤት ነው፤ ለአንድ ሰው የተፈቀደ። ደንቡ እንግዳን ሦስት ቀን ይታገሣል። ከዚያ ወዲያ እንግዳ የሚባል ነገር የለም፤ በነጠላ ቤት ውስጥ የሚተነፍስ ሁሉ ያው ባለቤቷ ናት። እንድሪስ አራተኛውን ቀን ሲያድር ቤቱ እሱን ማየት ተወ። ሲያስለው «ዘምዘም፣ አሳለሽ» ይላል፤ ሲተኛ «ዘምዘም ተኛች» ብሎ ይጽፋል። እህትና ወንድም ይህን እንደ ትልቅ ዕድል ነበር የቆጠሩት። ተደብቆ መኖር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ገርሟቸው ነበር።

እንድሪስ የውስጠኛው ክፍል ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይውላል። ዘምዘም ምግብ አስቀምጣለት ትወጣለች፤ ስትመለስ ከግማሽ በላዩ እንዳለ ታገኘዋለች።

«ቆላ አድክሞት ነው፤ ይረፍ» ትላለች ለራሷ።

ውጤቱ በወጣ ማግሥት ዘምዘም ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች። ውጤቷ ለከተማው ሁሉ ደርሶ ኖሮ፣ የሱቁ ሚዛን ከአንድ ኪሎ በላይ አልመዝንም አለ፤ ከፍታ ላይ ያለ ሰው ያለ ልክ ይገዛልና። የሁልጊዜ ጎረቤቷ እትዬ ጌጤ በሯ ላይ ቆማ አየቻት። ድሮ «እንዴት አደርሽ» ነበር የምትላት፤ ዛሬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፦

«ዛሬ የቱ ነሽ?» አለቻት።

«ምን የቱ?»

«ማለቴ... ሽቅብ ነሽ ቁልቁል? እንድጠነቀቅልሽ ብዬ ነው እንጂ ክፉ አስቤ አይደለም።»

የገመድ መኪናው ጣቢያ ኃላፊ አቶ ዳምጠው ደግሞ ቢሮው አስገብቷት፣ ወንበሯን ራሱ ስቦ አስቀመጣት። ይህን አድርጎ አያውቅም።

«ዘምዘም፣ እኔ በግሌ ምንም የለኝም። ግን ስሜቷ ከፍና ዝቅ የሚል ሰው፣ ከፍና ዝቅ በሚል መኪና ላይ... ይደራረባል ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ጣቢያው ነዋ።» ጣቱን ወደ ጣራው ቀሰረ። «ነጻ ነች የሚል የሐኪም ቃል ካመጣሽ ወደ ሳጥንሽ ትመለሻለሽ። እስከዚያ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ነሽ።»

የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ምድር ቤት ነው። ጃንጥላ፣ የዐይን መነጽር፣ ቁጥር የለሽ የአንድ እግር ጫማ ሞልቶበታል። አንድ እግር ጫማውን ገመድ መኪና ውስጥ ጥሎ የሚወርድ ሰው በሌላኛው እግሩ እንዴት ቤቱ እንደሚገባ ዘምዘም ብዙ አሰበችበት፤ የምታወራለት ሰው ግን አልነበረም።

ቅሬታ ለማቅረብ ወሰነች። ቅሬታ የሚቀበለው ድምፅ ቃሏን ካስመዘገበች በኋላ እንዲህ አላት፦

«በተረጋጋ ስሜት ስላቀረብሽ ሕመሙን እንደተቀበልሽው ተይዟል። እናመሰግናለን።»

ደግማ ደወለች። በዚህኛው ጮኸች።

«በከፍተኛ ስሜት ስላቀረብሽ ሕመሙ ተረጋግጧል። እናመሰግናለን።»

ለሦስተኛ ጊዜ ደውላ ገና «ዘምዘም ይመር እባላለሁ» ከማለቷ ሳቋ መጣ። ሳቀች፤ ዐይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ። ድምፁ የሚስቅ ቅሬታ አቅራቢን የሚመለከት ደንብ አልነበረውም መሰል፣ ወደ ሰው አዛወራት።

ሰው የተባሉት ዶክተር ብርሃነመስቀል ናቸው፤ ቧንቧ ውኃ ከሚባለው ሰፈር ከፍ ብሎ ባለ ክሊኒክ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ቅሬታን የሚያዩ ብቸኛ ሐኪም። ሸምግለዋል፤ ጆሯቸው ከበድ ስላለ ወደ ተናጋሪው ጎንበስ ይላሉ፤ ስለዚህ የሚሰሙ ይመስላሉ፤ ደግሞም ይሰማሉ። ዘምዘምን «እርስዎ» አሏት። ውጤቷ ከወጣ ወዲህ አንቱታ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቀናት ያለ እንቅልፍ አሳልፈው፣ ምንም ድካም ሳይሰማዎት ቀርቶ ያውቃል?»

«አያውቅም። ካልተኛሁማ ራሴን ያመኛል።»

«ያለዎትን ሁሉ የበተኑበት ጊዜ?»

«አንድ ኪሎ ሽንኩርት አይደል የተፈቀደልኝ፣ ምኑን እበትነዋለሁ?»

«ማንም የማይችለውን ነገር እኔ እችላለሁ ብለው የተነሱበት ጊዜስ?»

ዘምዘም አሰበች። «የቀድሞ ባሌን አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር።»

ዶክተሩ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረው የተጻፈውን ማንበብ ጀመሩ። «የዝቅታው ወገን ደግሞ እንዲህ ይላል። ከአልጋ አለመነሳት። ምግብ መተው። ግድግዳ እያዩ መዋል። ድምፅ ሳያሰሙ ማልቀስ።»

ዘምዘም እስከ መጨረሻዋ ምልክት ድረስ ራሷን እየነቀነቀች ስትሰማ ነበር፤ መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። እንድሪስ የሚያለቅስ መሆኑን አታውቅም ነበር።

«ይህ እርስዎ ነዎት?» አሏት።

ዘምዘም ዐይኗን ከሰሌዳው አላነሳችም።

«እህቴ፣ ይህ ሕመም መኖሩን እንዳይጠራጠሩ። ብዙ ሰው አክሜበታለሁ፤ ታክመው ሥራቸውን የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። በሌለበት ሰው ላይ መጻፍ ጥፋት ነው፤ ካለበት ሰው ላይ መፋቅ ደግሞ ከዚያ የባሰ ጥፋት ነው። እኔ ዛሬ ያየሁት ግማሽዎን ነው። ዝቅ ያሉ ዕለት ይምጡና ያን ጊዜ ልይዎት።»

«ዝቅ ባልልስ?»

«መዝገቡ ትናንት ዝቅ ብለው ነበር ነው የሚለው።»

ቤቷ ስትመለስ ዝቅ ለማለት ሞከረች። ወንበር ላይ ተቀምጣ የሞቱ ዘመዶቿን በተራ አስታወሰች። አባቷ ጋ ስትደርስ ግን፣ በቅሎ ከጭቃ ሊያወጣ ገብቶ በቅሎዋ ወጥታ እሱ ጭቃው ውስጥ ተይዞ የቀረበት ቀን ትዝ አላትና ሳቀች። ቤቱም «ከፍታ» ብሎ ጻፈ።

ስለዚህ በሌላው በኩል መጣች። እሷ ዝቅ ማለት ካልቻለች እንድሪስ ከፍ ይበል። የውስጠኛው ክፍል ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረችው፤ የሱቁን ሚዛን፣ የጠፉ ዕቃዎቹን ክፍል፣ ዶክተሩን። ስለ ልቅሶው ግን አላነሳችም። እንዴት እንደምታነሳው ጠፋት።

«እንግዲህ አንተ ሳቅ ሳቅ ብትል፣ ዝቅታ የሚባለው ይጠፋና እኔ ነጻ እወጣለሁ» አለችው።

እንድሪስ ዞር ብሎ አያት። ጢሙ አድጎ ደረቱ ላይ ደርሷል። «ምን ብዬ ልሳቅ እታለም?»

«ዝም ብለህ ሳቅ። ለእኔ ብለህ።»

ተነስቶ ተቀመጠ። እህቱን ይወዳት ነበርና አፉን ከፍቶ ከደረቱ ውስጥ አየር ገፋ። የወጣው ድምፅ ዘምዘምን አስደነገጣት።

«ዘምዘም፣ ምግብ አንቆሽ ነው?» አለ ቤቱ። «አምቡላንስ ልጥራ?»

«አትጥራ! እየሳቅኩ ነው!» ብላ ጮኸች ዘምዘም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንድሪስ ሳቅ ይለማመድ ጀመር። እሷ ጃንጥላ ስትቆጥር ውላ ስትመጣ፣ ከውስጠኛው ክፍል «ሃ፣ ሃ» የሚል፣ በር የሚያንኳኳ የሚመስል ድምፅ ትሰማለች። እትዬ ጌጤም ከአጥሩ ማዶ ትሰማ ነበርና፣ ሲገናኙ ከንፈሯን መጠጠችላት። ቤቱ አንዱንም ሳቅ እንደ ሳቅ አልቆጠረውም። ጥቂቱን «ሳል»፣ ቀሪውን «የጣር ድምፅ» ብሎ ጻፈው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዘምዘም ምሳ ይዛ ስትገባ እንድሪስ ግድግዳውን እያየ፣

«አልቻልኩበትም እታለም። ሳቁንም አልቻልኩበትም» አላት።

«ትለምደዋለህ።»

«እኔ ብጠፋ ላንቺ ይሻልሻል። ሸክም ነው የሆንኩብሽ።»

«የት ትሄዳለህ? አርፈህ ብላ» አለችና ሳህኑን አስቀመጠችለት። ሌላ ቤት መፈለጉ መስሏት ነበር።

ቤቱ ግን «ዘምዘም ስለ መጥፋት ተናግራለች። እርዳታ ጠርቻለሁ» አለ።

እርዳታው ሻዩ ሳይፈላ ደረሰ። ግራጫ የለበሱ አንድ ሴትና አንድ ወንድ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዘምዘም ይመር?»

«እኔ ነኝ፤ ደህና ነኝ፤ ስህተት ነው» አለች ዘምዘም በሩን በሰውነቷ ጋርዳ።

«እሷ እንግዳ ናት» አለ ቤቱ። «ጧት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች። ዘምዘም ውስጥ ተኝታለች።»

ሁለቱ ዘምዘምን ገለል አድርገው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና እንድሪስ አልጋ አጠገብ ተንበረከኩ።

«ነይ እናትዬ፤ ቀስ ብለሽ ተነሺ» አለችው ሴትዮዋ፣ ክንዱን ደገፍ አድርጋ። እንድሪስም ተነሳ። ዘምዘም ቆይታ «ሳስበው ይህ ነው የሚያመኝ» ብላለች፦ «ነይ» ሲሉት እንኳ፣ ስለጠሩት ብቻ ተነሳ።

«ጢም አለው እኮ!» ብላ ጮኸች ዘምዘም። «አይታያችሁም? ጢም!»

ወንዱ እጁ ላይ ያለውን ሰሌዳ አየ። «ራስን አለመጠበቅ ይላል። የዝቅታ ምልክት ነው።» ከዚያ ትሕትና በተሞላበት ድምፅ፣ «እንግዳ ከሆኑ አስታማሚ ሆነው መምጣት ይችላሉ» አላት።

ክሊኒኩ ሲደርሱ በሩ «እንኳን ደህና መጣሽ ዘምዘም» ብሎ ለእንድሪስ ተከፈተ። ዶክተር ብርሃነመስቀል ከወንበራቸው ተነሱ። ሰሌዳውን አዩ፤ ዘምዘም ይመር፣ ሴት፣ ዝቅታ። ጢማሙን ሰው አዩ። በመጨረሻ ከኋላው የቆመችውን፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ የወረደውን ዘምዘምን አዩ። ጋቢያቸውን አንስተው ሰሌዳው ላይ ጣሉበት።

«ስምህን ንገረኝ ልጄ» አሉት።

እህቱን አየ። ራሷን ነቀነቀችለት።

«እንድሪስ።»

«እንድሪስ፣ ብጠፋ ይሻላል ብለሃል። ምን ማለትህ ነው?»

«ሌላ ቤት ልፈልግ ማለቱ ነው» አለች ዘምዘም ፈጥና። «ሸክም ሆንኩባት ብሎ ነው እንጂ...»

«አይደለም እታለም» አለ እንድሪስ።

ዘምዘም ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች።

ዶክተሩ ጎንበስ እንዳሉ ጠበቁት፤ አልተቻኮሉም። እንድሪስ ቀስ እያለ ጀመረ። ማሳው ላይ ሲሠራ ከጧት እስከ ማታ መስታወት ውስጥ ፊቱን ያይ ነበር። መጀመሪያ ይሰለቸው ነበር፤ በኋላ ጓደኛው ሆነ፤ ያናግረው ጀመር። አንድ ቀን አቧራውን ሲጠርግ ፊቱ እዚያው አለ፣ ግን የማንም አልመሰለውም። ያን ቀን ጨርቁን አስቀመጠ። እህቴ ጋ ስደርስ ይህ ስሜት ይለቀኛል ብሎ ነበር፤ አብሮት መጣ። ቤቱ በእሷ ስም ሲጠራው ደግሞ እውነትም የለሁም ማለት ነው ብሎ አመነ። ብዙ ቀን ሞትን አስቧል። ያላደረገው ቤቱ «ዘምዘም ሞተች» ብሎ እንዳይጽፍባት ፈርቶ ነበር።

ይህን ሲል ዶክተሩ እጁን ያዙት። እንድሪስ አለቀሰ፤ አሁን ድምፁ ይሰማ ነበር። መንገደኛን ሁሉ በወሬ ገደል የምታሻግረው ዘምዘም ለገዛ ወንድሟ የምትለው አንድ ቃል አላገኘችም። ሄዳ ጎኑ ተቀመጠች።

ዶክተሩ ቆይተው ተናገሩ። «ይህ ከባድ ድብርት ነው። ይታከማል። እንዲህ ሆነው መጥተው በእግራቸው ስቀው የሄዱ አሉ። እርስዎ ደግሞ» አሏት ወደ ዘምዘም ዞረው፣ «ባይፖላር የለብዎትም። ወሬ ይበዛብዎታል፤ ለእሱ መድኃኒት የለኝም። ሁለታችሁን አንድ ላይ ጨምቆ ነው አንድ በሽተኛ ያወጣው።»

«እንዲያ ብለው ይጻፉልኛ!»

«ልጽፍ እችላለሁ። ከጻፍኩ ግን እሱ ራሱን የቻለ ሰው ይሆናል። ራሱን የቻለ ሰው ደግሞ የሚታከመው በተመደበበት ነው። ዛሬውኑ ወደ ቆላ ይመልሱታል። እዚያ ሐኪም የለም።»

«ካልጻፉስ?»

«ሕመሙ በእርስዎ ስም ይቀራል። አልጋውም መድኃኒቱም በእርስዎ ስም ይወጣና እሱ ይታከምበታል። እርስዎ ግን ወደ ሥራዎ አይመለሱም፤ እኔም እንዲህ ማድረጌን ማንም ባያውቅ እመርጣለሁ።»

ዘምዘም ብዙም አላሰበችም። «በስሜ ይሁን» አለች።

«እታለም...» አለ እንድሪስ።

«ዝም በል። ዝቅታ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አትናገር።»

እንድሪስ ክሊኒኩ ተኛ። በመዝገቡ ሴት ስለሆነ አልጋ የተሰጠው ሴቶች ክፍል ነው። ነርሷ መጋረጃ ሰቀለችለት። የቀሩት በሽተኞች ነገሩን አንድ ቀን ተንሾካሾኩበትና ተዉት፤ ስሙን ላለማሳሳት «ዘምዘም» ይሉት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ግድም አንዲት አሮጊት «አንቺ ዘምዘም፣ ቁመት ሰጥቶሻል፤ እስቲ ይችን መስኮት ክፈችልኝ፣ ታፈንኩ» አሉት። ተነስቶ መስኮቱን ገፋ፤ ዝጎ ኖሮ አልከፈት አለው። ታገለው። ሲከፈትለት ከጦሳ በኩል የመጣው ብርድ ፊቱን መታው፤ እዚያው ቆሞ ቀረ። ምሳውን ያን ቀን ጨርሶ በላ። ዘምዘም ይህን ስትሰማ ነርሷን ደጋግማ አስተረከቻት፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ምሳው ምን እንደነበር።

እሷ ግን በከተማው ዘንድ በሽታዋን የተቀበለች ሴት ሆነች። አቶ ዳምጠው ሐዘኑን ገለጸላት። እትዬ ጌጤ ሾርባ ሠርታ አመጣችላትና፣ «ማመንሽ ጥሩ ነው፤ ግማሽ መዳን ነው ይላሉ» አለቻት። ዘምዘም ሾርባውን ለእንድሪስ አደረሰችው። ምድር ቤት ውስጥ ጫማ ስትደረድር ታመሻለች። አንዳንድ ቀን ከላይ የገመዱ ድምፅ ሲሰማት ጉሮሮዋ ላይ ወሬ ይመጣባትና መልሳ ትውጠዋለች።

እንድሪስ ከክሊኒኩ የወጣው በበጋው ማብቂያ ነው። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ በየሳምንቱ ዶክተሩ ጋ ይሄዳል፤ ጢሙን አሳጥሯል። ጨርሶ አልዳነም። ጧት መነሳት የሚከብደው ቀን አለ፤ ያኔ ዘምዘም አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሳቅ አትለውም። አንድ ቀን ሻዩን እየጠጣ፣

«ልመዘገብ እሄዳለሁ» አላት።

«ይመልሱሃል እኮ!»

«ዶክተሩን ጠይቄአለሁ። አሁን መንገዱንም እዚያ መኖሩንም ትችለዋለህ፤ መድኃኒት አስይዤ እልክሃለሁ ብለውኛል። አንቺ ግን በእኔ ሕመም ምድር ቤት ልታረጂ ነው። ሌላው ሁሉ ቀርቶ፣ በስሜ እንድታመም ተዪኝ።»

ተጨቃጨቁ። የመጀመሪያው ጭቅጭቃቸው ነበር። ቤቱ ማን ማንን እንደሚቆጣ ጠፍቶት «ዘምዘም፣ ከራስሽ ጋር እየተጣላሽ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ አብረው ወጡ።

የነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ ሰኞ ገበያ አጠገብ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወጣት፣ ሰው መሆኗ በማዛጋቷ የሚታወቅ ናት። እንድሪስ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ያለ መልቀቂያ ጥሎ የወጣውን ማሳ ነገራት። ዘምዘም ከኋላው ሆና ዱዓ ታደርግ ነበር።

ሠራተኛዋ ፈለገች፤ ቅንድቧን አነሳች። «እንድሪስ ይመር ጥሎ አልወጣም። ሥራው ላይ ነው።»

«እኔ ነኝ እኮ እንድሪስ።»

«ማሳው ላይ ነው ያለው። አልጋው ላይ ያድራል፣ ጧት ይወጣል። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

እንድሪስ አሰበ። ያልጋው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ይሆናል፤ ያ ሰውም እሱ ሆኖ ተቆጥሯል።

«እንዲያውም ባለፈው ወር ምስጉን ሠራተኛ ተብሎ ተሸልሟል» አለች ሠራተኛዋ። «አንተ ታዲያ ማን ነህ?»

«እንጃ» አለ እንድሪስ።

«ማንም ካልሆንክ አዲስ የተገኘ ሰው ብዬ ልመዘግብህ እችላለሁ። የተገኘ ሰው ዕጣ የለበትም፤ በተገኘበት ከተማ ይኖራል። የት ተገኘህ?»

«እኔ ቤት!» አለች ዘምዘም ከኋላ።

«እንግዲያው ቤታችሁ የሁለት ሰው ይሆናል። ስም?»

«እንድሪስ ይመር ማለት ይቻላል? ሌላ ሰው ይዞት የለም?»

«ስም አይያዝም» አለች ሠራተኛዋ እያዛጋች። «መዝገባችሁ ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ይከፈላል። እዚህ አንድ ሕመም አለ፤ የማን ነው?»

ሁለቱም እኩል «የእኔ ነው» አሉ።

«ሐኪማችሁ ያካፍላችሁ። ቀጣይ!»

ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ገበያው ሞልቷል፤ ሰው ግመሉን፣ ከሰሉን፣ በርበሬውን ይዞ በፊታቸው ያልፋል። እንድሪስ ገበያተኛውን እያየ፣

«ተሸልሟል አለች» አለ።

«ሰማሁ።»

«ስንት ዓመት ስወለውል አንድ ቀን ደህና ሠራህ ያለኝ የለም። ስወጣ ተሸለምኩ!»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዘምዘም ደንግጣ ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ነው ሳቁን የሰማችው። ከሆዱ የሚመጣ፣ የሚንከተከት ሳቅ ነበር፤ ልጅ ሆኖ ከዛፍ ላይ ሲወድቅ የሚስቀው ዓይነት። እሷም ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የመጣው ግን ልቅሶ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያች «አርፈህ ብላ» ብላ ሳህን ያስቀመጠችለት ቀን ነበረች ያስለቀሰቻት።

ገበያተኛው ቆም እያለ ያያቸው ጀመር፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ታለቅሳለች። እንድሪስ ሳቁ ሳይለቀው እጇን ሳበ።

«እታለም፣ ተይ እንጂ፤ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን» አለች ዘምዘም።